ሣጥን አራት፣ ሁለተኛው ረድፍ

ጥር 5፣ ሰኞ

ቀኑ ተቆረጠ። መጋቢት 24፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። አምስት ዓመት የለፋሁበት የዶክትሬት ጽሑፍ በፈታኞች ፊት ይቀርባል፤ ከዚያ ወይ ዶክተር እባላለሁ ወይ አልባልም። አሥራ አንድ ሳምንት ቀርቶኛል።

አማካሪዬ ቀኑን ሲነግሩኝ ከስልካቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እኛ ተማሪዎቻቸው በሌሉበት «ሊቁ» እንላቸዋለን። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ድንገት ቢሰሙት ምስጋና ይመስላቸዋል፤ የስሙ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ጓንት አጥልቀው ካየኋቸው ሦስት ዓመት ሆነ። ያኔም ለፎቶ ነበር።

«ሠላሳ አንድን ለአዲሷ ልጅ አስረክቢያት» አሉኝ። «አንቺ ስትወጪ ሥራው እንዳይቋረጥ።»

ሠላሳ አንድ የኔ ባክቴሪያ ነው። ከድንች ማሳ አፈር ካወጣኋቸው አርባ ዝርያዎች መካከል ድንቹን የሚያበሰብሰውን በሽታ የሚገድለው እሱ ብቻ ነው። ሳህን ላይ ከበሽታው ጋር ሲዘራ በዙሪያው ምንም የማይበቅልበት ጥርት ያለ ክብ ይሠራል። ያ ክብ የጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ነው። ሌሎቹ ምዕራፎች ለእሱ ወንበር የሚያቀርቡ ናቸው።

አዲሷ ልጅ ዘንድሮ የገባች ናት። «ጥያቄ» ብያታለሁ። ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አሥራ አራት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ቆጥሬያለሁ። አንደኛው «መታጠቢያ ቤቱ የት ነው?» የሚል ነበር። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

ሦስተኛዋ እትዬ ናት። ብርጭቆ ታጥባለች፣ የባክቴሪያውን ምግብ ታፈላለች፣ ባክቴሪያዎቻችን በቲዩብ ሆነው የሚቀመጡበትን ፍሪዘር ትጠብቃለች፤ እንዲህ ስትል ሃያ ሁለት ዓመቷ። የፍሪዘሩ እጀታ ላይ በሲባጎ ያሰረችው የተማሪ ደብተር አለ። ማን ከፈተ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ነካ፣ ሁሉን ትጽፋለች። ሊቁ እርጓቸውን እዚያ አስቀምጠው ድንጋይ ሆኖ የወጣበት ቀን ሳይቀር ተመዝግቧል። ሌላው ሃይማኖቷ እርሳስ ነው። ቲዩብ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በእርሳስ ጻፉ ትለናለች፤ ማርከሩን አልኮል ያጥበዋል እያለች። ለዶክትሬት ተማሪ እርሳስ! አንደኛ ክፍል የገባን ይመስል።

ዛሬም ጀመረች። «አንቺ ልጅ፣ ለዚችስ በእርሳስ ጻፊ ብለሽ ንገሪያት።»

«ነግሬያታለሁ፣ እትዬ።»

አልነገርኳትም።

ጥር 7፣ ረቡዕ

የጥያቄ ሳህን ባዶ ነው። ክብ የለም። በሽታው ሳህኑን ሞልቶ እንደ ሣር በቅሏል። እጇ እንደ ቂጣ ሊጥ የሚጣበቅ ልጅ ምን ልታወጣ ኖሯል? እንደገና ትሥራው።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ሁለተኛውም ባዶ፣ ሦስተኛውም ባዶ።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«የመዝሪያ መርፌውን እሳት ላይ አግለሽ ሳታቀዘቅዢ ነክተሽው ይሆናል። ባክቴሪያ ሲጠበስ አይሠራም።»

«አቀዝቅዣለሁ። እስከ ሃያ ቆጥሬ።»

«ቆጠራ ታውቂያለሽ ማለት ነው» አልኳት።

አጠገባችን እትዬ ብርጭቆ ታደርቅ ነበር። እጇን አቆመች፣ ከዚያ ቀጠለች። ልጅቷ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ ደብተሯ ላይ «20 ቆጥሬያለሁ» ብላ ጻፈች። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ያናድዳል!

ጥር 16፣ ዓርብ

እኔው ራሴ ሠራሁት። በራሴ እጅ፣ በራሴ መርፌ፣ ከራሴ ቲዩብ። ሣጥን አራት፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ሠላሳ አንድ።

ባዶ።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያ በቅዝቃዜ ብዛት ጠባዩን ያጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ምግቡም ከታኅሣሥ ወዲህ ቀለሙ ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ ማንም ልብ አይልም እንጂ። ነሐሴ ላይ ሣጥኑ ላይ አልኮል ፈስሶ ነበር፤ እሱ ግን ከውጭ የፈሰሰ ስለሆነ ቲዩቡ ውስጥ ላለው ነገር ምንም አያደርገውም። ለምን እንደጻፍኩት እንኳ አላውቅም።

ፈታኞቹ ሲመጡ ክቡን በዓይናቸው ለማየት ጠይቀዋል። አዲስ ሳህን ላይ። ሊቁ በደስታ ቃል ገብተውላቸዋል፤ ቃል መግባት እጅ አያቆሽሽምና።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። ሊቁ ከጠረጴዛው ራስ ተቀመጡ፤ እኛ በግራና በቀኝ፤ እትዬ እንደ ልማዷ በር አጠገብ በርጩማ ላይ።

«ሁለት ሰው ሞከረ፤ የሁለቱም ባዶ» አሉ ሊቁ። «ለፈታኞቹ ምን ልበል? ባክቴሪያው ፈቃድ ወጥቷል ልበል?»

በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ከዚያ ጥያቄ እጇን አወጣች። እጇን! እንደ ተማሪ ቤት።

«ምናልባት ቲዩቡ ውስጥ ያለው ሠላሳ አንድ ባይሆንስ?»

ሳቅኩ። ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት።

«ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ሠላሳ?» አልኩ።

ሊቁም ሳቁ። ልጅቷ እጇን አወረደች።

ቀጥዬ ስለ ምግቡ ተናገርኩ። ያልኩትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ምግቡ ሊሆን ይችላል። ከታኅሣሥ ወዲህ ጠቆር ብሏል።» ይኸው ነው። «ሊሆን ይችላል» ነው ያልኩት። የሚመለከታቸው ያጣሩት።

«ምግቡማ የሌሎቹን ሁሉ ያበቅላል፣ ጌታዬ» አለች እትዬ ከበሩ። «ደብተሬን ላምጣው?»

«የምን ደብተር?»

«የፍሪዘሩን።»

«እትዬ፣ እባክዎ» አሉ ሊቁ፤ «አሁን ስለ ሳይንስ ነው የምናወራው።»

እትዬ ወደ እሳቸው ሳይሆን ወደ እኔ አየች። ለምን ወደ እኔ እንዳየች አላውቅም። ደብተሩ አለመምጣቱ ደግ ሆነ፤ ስለ እርጎ ስናነብ እንውል ነበር።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ምዕራፍ ሁለት ማረም። ሥዕሎች። ለማተሚያ ቤት መደወል። እናቴ ደወለች፣ አላነሳሁም። ምግቡን ለማስመርመር ናሙና ተላከ።

ጥር 25፣ እሑድ

የምኖረው ታላቅ እህቴ ጋ ነው። ነርስ ናት። ዛሬ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች አፏ አላረፈም። ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ነርስ የደም ናሙና ቲዩቦችን እጇ ላይ አርጥባ ስማቸው ጠፍቶባታል። ልጅቷ ግን የማን እንደሆኑ አስታውሳለሁ ብላ እንደገና ጻፈችባቸው።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?» አልኳት።

«ደፋናቸዋ! ሰዎቹን እንደገና ወጋናቸው።»

«ካስታወሰችስ? ትክክል ብትሆንስ?»

«እኛ ጋ አስታውሳለሁ የሚባል ነገር የለም። ስሙ የጠፋ ቲዩብ፣ ያው የጠፋ ቲዩብ ነው።»

«የናንተ ሥራና ምርምር አንድ አይደለም።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች፤ «የኛዎቹ ስማቸው ሲጠራ አቤት ይላሉ። ያንቺዎቹ ጉድሽን አያወጡም።» ስቃ ካውያውን አነሳች፤ ከዚያ አየችኝ። «ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?»

«ምንም። ሙቀቱ ነው።»

ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ያላት ሰው ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ስትወጋ የኖረች ሴት ስለ ምርምር ልታስተምረኝ! መርፌ መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ጥያቄ መያዝ ሌላ። ይህን ልላት ነበር። ግን ልብሷን አጣጥፋ ወደ ፈረቃዋ ሄዳ ነበር።

ነሐሴ ላይ በደንብ ነው ያስታወስኩት። ዘጠኝ ቲዩብ ነበር፣ ቅደም ተከተላቸውን አውቀዋለሁ፤ ከሠላሳ እስከ ሠላሳ ስምንት። ከሣጥኑ አውጥቼ ስጠርጋቸው ተቀላቅለው ሊሆን ይችላል፤ ግን አልተቀላቀሉም። ያን ቀን ችኮላ ላይ ነበርኩ፤ የማስታወስ ችሎታዬን ግን ማንም የሚያውቀው ነው።

ጥር 29፣ ሐሙስ

የምግቡ ምርመራ ውጤት መጣ። «በተወሰነ ደረጃ የቀለም ልዩነት ታይቷል።» ይህ ምንም ማለት አይደለም። ሊቁ ግን ወረቀት አገኙ፤ ወረቀት ያገኘ አለቃ ደግሞ መፈረም አለበት።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እትዬ ተዛወረች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ዕቃ ወደሚታጠብበት ምድር ቤት። ደብዳቤው «በሥራ ጥራት ጉድለት» ይላል። ሊቁ ለመስጠት ድፍረት ስላጡ በጸሐፊያቸው አስላኩት።

ዕቃዋን ስትሰበስብ አጋጣሚ ሆኖ እዚያው ነበርኩ። ሹራቧን፣ ኩባያዋን፣ መነጽሯን፣ አንድ አጭር እርሳስ። ሌላ ምንም የላትም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ፌስታል ገባ።

ጥያቄ ደብተሩን ከእጀታው ልትፈታላት ስትል «ተይው» አለቻት። «የኔ አይደለም። የፍሪዘሩ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«አይ… መልካም ዕድል፣ እትዬ።»

«እሺ፣ ልጄ።»

መልካም ዕድል! አውቶቡስ ለሚሳፈር ሰው እንደሚባለው። የሆነ ሆኖ ለእሷም ይሻላታል። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ እዚያ ብዙ ኃላፊነት የለባትም፤ ሦስት ፎቅ ደረጃም አትወጣም። ሁለት ዓመት ነው ለጡረታ የቀራት። ሰው ያልሆነውን ያህል ማጋነን አያስፈልግም።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ምግብ ከውጭ መጣ። ዋስትና፣ ማኅተም፣ ቅብጥርሶ ያለበት። ሠላሳ አንድ ዘራሁበት።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ባዶ።

ጥያቄ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች። ምንም አልጠየቀችም። በአንድ ወር ከሦስት ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጥያቄ ክፍል ስትሄድ ዘጠኙንም ቲዩቦች ዘራኋቸው። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ተመራማሪ ሰው እንዲያው ለማወቅ ያህል ብዙ ነገር ያደርጋል። ሳህኖቹን ከሙቀት ሣጥኑ ጀርባ አስቀመጥኩ፤ የሌላ ሰው ሥራ እንዳያጣብቡ ብዬ።

የጥናት ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። እሱ ለዋና ሥራ ነው።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ሠላሳ ስምንት።

ሠላሳ ስምንት ተብሎ የተጻፈበት ሳህን ላይ ክቡ አለ። ጥርት ያለ፣ የኔ ክብ። በማስመሪያ ለካሁት፦ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር። ያው እንደ ድሮው። ሌሎቹ ስምንቱ ባዶ።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ሥራዬ ውሸት አልነበረም፣ ባክቴሪያውም አልሞተም። ስድስት ወር ሙሉ የራሱ ያልሆነ ቁጥር ተለጥፎበት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ቁጥሩ የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ነገ ሁለቱን ቲዩቦች አወጣለሁ፣ በአልኮል እጠርጋለሁ፣ ቁጥሮቹን አለዋውጣለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰኞ ለጥያቄ «እስቲ አንዴ ሞክሪ» እላታለሁ፤ ክቡ ይወጣላታል። «አየሽ፣ ምግቡ ነበር» እላታለሁ። ሁሉ ሰው ደስ ይለዋል። ፈታኞቹ ያያሉ፣ ሊቁ ይኩራራሉ።

እትዬ ምንም አትጎዳም። ቀድሞውኑ ተዛውራለች።

የካቲት 14፣ ዓርብ

አላለዋወጥኩም። እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከእትዬ ወዲህ አዲስ ደንብ ወጥቷል፤ ፍሪዘር የከፈተ ሰው ራሱ ደብተሩ ላይ ይፈርማል። ሰው ሁሉ ገብቶ ስለነበር አንዱ ቢያየኝ ብዬ ደብተሩን አነሳሁ። ሲባጎው አጭር ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ይጠይቃል። ባዶ ገጽ ስፈልግ ገጾቹ ወደ ኋላ ተገለበጡ። ወይም እኔ ገለበጥኳቸው። ነሐሴን ስፈልግ ነበር።

እንዲህ ይላል፣ በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል፦

«ነሐሴ 11። ከቀኑ ስምንት ከሩብ። ሣጥን 4 ላይ አልኮል ፈሰሰ። ሁለተኛው ረድፍ፣ ዘጠኝ ቲዩብ፣ በማርከር የተጻፈው ጠፋ። ልጅቱ በቃሏ መልሳ ጻፈች። ሁሉም እንደገና ይፈተኑ አልኳት። እሺ አለች።»

እሺ አለች።

ይህን ረስቼው ነበር ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ አስቀመጥኩ። ይህ ደብተር የኔ ብቻ ነው፣ ማንም አያየውም፤ እዚህም ዓይኔን በጨው አጥቤ ልዋሽ? አልረሳሁትም። «እሺ» ያልኩት እትዬ ከላዬ ላይ እንዲወርዱ ነው። ከፈሰሰው ፊት ቆመው እጃቸው ውስጥ ፎጣ ይዘው ነበር። ፎጣውን ተቀብዬ አመሰግናለሁ አልኩ፤ ከዚያ ወጥቼ ለጓደኛዬ «ሴትየዋ ሳይንቲስት ሆናለች» ብዬ ሳቅኩ።

የመጨረሻውንም ገጽ አየሁት። «የካቲት 4። የፍሪዘሩ ሙቀት ደህና። በሩ በደንብ ይዘጋል። እርሳስ መሳቢያ ውስጥ ትቻለሁ።»

ስለ እኔ አንድ ቃል የለም።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ምድር ቤት ወረድኩ። ክፍሉ በእንፋሎት የታፈነ ነው። አንዲት መስኮት ከጣሪያው ሥር አለች፤ በእሷ የሚታየው የሚያልፍ ሰው ጫማ ብቻ ነው። እትዬ እስከ ክርናቸው ጓንት አጥልቀው ጠርሙስ በብሩሽ ያጥባሉ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂ» አሉ፤ ብሩሹን አላቆሙም።

ነገርኳቸው። ነሐሴን፣ ሠላሳ ስምንትን፣ ስብሰባ ላይ ስለ ምግቡ ያልኩትን። ተዘጋጅቼ የመጣሁበት ንግግር ነበር፤ ግማሹ ላይ አለቀብኝ። ጠርሙሱን አጥበው ጨረሱ፣ ገለበጡት፣ ሌላ አነሱ።

«እሺ። ሰማሁሽ። አሁን ላይ ቤት ውጪና ለእነሱ ንገሪ።»

«መጀመሪያ ለእርስዎ…»

«እኔ ይቅርታሽን ምን ላድርገው፣ ልጄ? ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ስም ነው። ስሜን መልሺልኝ።»

«ለምን ያኔ ስብሰባው ላይ አልተናገሩም?»

አሁን ብሩሹን አቆሙ። «ደብተሬን ላምጣ አላልኩም? አላስወሩኝም። ደግሞስ ነገሩ ያንቺ አይደል? ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ አንድ ሳምንት ጠበቅኩሽ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩሽ። ከዚያ በኋላ ግን ለማየት ነው የጠበቅኩት።»

«ምን ለማየት?»

«እስከ የት እንደምትሄጂ።»

በመስኮቷ አንድ ጥንድ ቀይ ጫማ አለፈ። «ደረጃውን ስትወጪ በሩን ዝጊው፤ እንፋሎቱ ይወጣል» አሉኝ።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሊቁ ጋ ገባሁ። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ ፊቱ በራ።

«ተገኘ? ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ቁጥሩን አስተካክይና ቀጥይ!»

«አላለቀስኩም። የደረሰውን በጽሑፉ ውስጥ ላስገባ ነው። የሌሎቹም ቁጥር ትክክል ስላልሆነ ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ያለው ማወዳደሪያ እንደገና መሠራት አለበት።»

«አምስት ሳምንት ቀርቶሽ? አብደሻል?»

«እትዬስ?»

«ሴትየዋ? ሴትየዋማ ምን ሆነች? ዕድሜዋ ገፍቷል፤ እዚያ ብዙ ኃላፊነት የለባትም፤ ደረጃም አትወጣም። ለእሷም ይሻላታል።»

እጁን እያወናጨፈ ነበር። ጣቱ ላይ ቀለም እንኳ የለም። ሳዳምጠው ጆሮዬ ጋለ። እንዲህ ያለውን ንቀት ከየት እንዳመጣው ልጠይቀው ነበር፤ ግን ቃላቱ ከዚህ ደብተር የተቀዱ ይመስሉ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ የካቲት 4ን አነበብኩ። አንድም ቃል አልጨመረበትም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ሁለት ነገር ጻፍኩ።

አንደኛው ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ ነው። ስምንት መስመር። ሰባት ጊዜ ደግሜ ጻፍኩት፤ በየጊዜው «በሥራ ጫና ምክንያት» የሚል ሐረግ እየሾለከ ሲገባ አገኘዋለሁ። በመጨረሻ አወጣሁት። የፍሪዘሩን ደብተር ገጽ ቅጂ አያያዝኩበት።

ሁለተኛው የጥናት ደብተሬ ላይ ነው። የኛ ደንብ ገጽ አይቀደድም፣ አይፋቅም ይላል፤ የዘገየ ነገር በዛሬው ቀን ሥር ይጻፋል፣ ሌላ ሰው አንብቦ በምስክርነት ይፈርማል። በዛሬው ቀን ሥር የነሐሴ 11ን ጻፍኩ። የሚፈርም ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ በክፍሉ ያለችው ጥያቄ ብቻ ነች።

አነበበች። ሁለት ጊዜ። በስንት ጥያቄ እንደምትወርድብኝ እየገመትኩ ጠበቅኩ። አንድ ብቻ ጠየቀች።

«ስብሰባው ላይ ስትስቂብኝ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር» ልል አፌን ከፈትኩ። ጥሩ መልስ ነው፣ ግማሹም እውነት ነው።

«አዎ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች፤ ብዕሯን አውጥታ ፈረመች። ቀኑንና ሰዓቱን ጨመረች። ከዚያ ወደ ሳህኗ ተመለሰች። እጇ ሊጥ አይደለም። ቀድሞም አልነበረም።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ጉዱ ፈላ። የማቅረቢያው ቀን ተሰረዘ። አዲስ ቀን አልተሰጠኝም። ዘጠኙም ዝርያዎች ማንነታቸው በምርመራ ይረጋገጥ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ከሥሩ ይሠራ ተብሏል፤ ቢያጥር ስምንት ወር። ሊቁ በመተላለፊያው ሲያገኘኝ ግድግዳውን ሰላም ብሎ ያልፋል።

እናቴ ደወለች፤ አነሳሁ።

«ቀሚስ አሰፍቼ ነበር» አለች።

«እሱ አይበላሽም፣ እማዬ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ትንሽ ተበላሽቼ ነበር።»

«እህትሽን አቅርቢልኝ» አለች። እህቴ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። «አይ፣ አልታመመችም» ስትል ሰማኋት። «እንዲያውም ዛሬ ትንሽ ሰው ትመስላለች።»

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ለእትዬ አዲስ ደብዳቤ ወጣ። የቀድሞው ተሽሯል ይላል። «ጉድለት» የሚለው ቃል ከማኅደራቸው ወጥቷል። ይቅርታ የሚል ቃል ግን የለበትም፤ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ቃል የሚጽፍበት ቀለም የለውም። እዚያው ታች እቀራለሁ ወይስ ወደ ላይ እመለሳለሁ፣ ምርጫው የሳቸው ነው ተብሏል። መልስ አልሰጡም። ሰውም አልጠየቃቸውም።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ጠዋት ስገባ በርጩማው ላይ ሹራብ ተንጠልጥሏል።

ማንንም ሰላም ሳይሉ ፍሪዘሩን ከፍተው ሙቀቱን አዩ፤ በሌሉበት የጻፍነውን ገጽ በገጽ አነበቡ። «ይሄ ምንድነው? ፊርማ ብቻ? ማን ምን እንዳደረገ በፊርማ ይታወቃል?» ብለው ለብቻቸው አጉረመረሙ። ጥያቄ ሮጣ አቀፈቻቸው። እኔ እጄን ዘረጋሁ። ጨበጡኝ፣ ግን አጭር ነበር፤ እንደ ደረሰኝ ነገር።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በፈታኞች ፊት መቆሜ ነበር። በዚያው ሰዓት ፍሪዘሩ ፊት ቆሜ ነበር። ዘጠኙን ቲዩቦች በዘጠኝ አዲስ ቲዩብ አባዝቼ ወደ ሣጥኑ ልመልስ። ቁጥር ገና የላቸውም፤ ማንነታቸው እስኪረጋገጥ ከ«ሀ» እስከ «ቀ» ብያቸዋለሁ። የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩ፤ በእርሳስ ጻፍኩ። አልኮል የነካውን ጓንቴን አንዱ ላይ አሸሁበት። አልጠፋም። አምስት ዓመት ሙሉ ስስቅበት የኖርኩት ነገር ይኸው ነው፤ አንድ አጭር እርሳስ።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ፦ «መጋቢት 24። ሣጥን 4፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ዘጠኝ አዲስ ቲዩብ ገባ። የድሮዎቹ ለማስረጃ ሣጥን 9 ውስጥ ተቀምጠዋል። የነሐሴ 11ን ስሕተት የሠራሁት እኔ ነኝ።» ከሥሩ ሙሉ ስሜን ጻፍኩ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ሲባጎውን ሳብ አድርገው፣ በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ አነበቡ። እንደ ተፈታኝ አጠገባቸው ቆምኩ። ይቅር ይሉኝ ይሆናል ብዬ፣ ቢያንስ ደህና ሠራሽ ይሉኝ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ።

እርሳሱን ሰጡኝ።

«ሰዓቱን ረስተሻል» አሉ።

ጻፍኩ።